ማዳመቂያ የተባለው ቃል

መምህር አድማሴ ዘፈን ሰብሳቢ ናቸው። ይህን ስል ይዘፍናሉ ማለቴ አይደለም፤ ድምፃቸው ለዘፈን የሚሆን አይደለም። ላለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት በአዊ ገጠር እየዞሩ ሰው በእርሻ፣ በአረም፣ በአጨዳ፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ የሚያወጣውን ዜማ በካሴት ቀርጸዋል። ዳንግላ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ባለው ቤታቸው አንድ ክፍል ሙሉ ካሴት ነው፤ ካሴቶቹ በጫማ ካርቶን ተደርድረው በእያንዳንዱ ላይ የዘፋኙ ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ ተጽፏል። ጋሪ ነጂዎች «የካሴቱ መምህር» ይሏቸዋል።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው እንደሚኖር አምናለሁ። እኔ ለመመረቂያ ጽሑፌ ያልተገለበጡ ካሴቶቻቸውን ወደ ኮምፒውተር እንድገለብጥና ዝርዝር እንዳዘጋጅ የተላክሁ ተማሪ ነበርሁ፤ አብሬያቸው የቆየሁትም ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ያየሁትንና የነገሩኝን እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ማስታወቅ አለብኝ። ሽታዬ ብዬ የምጠራቸው ሴት እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ቀበሌያቸውንም አልጠቅስም። ይህን የማደርገው ስለ ቃል ኪዳን ነው።

የመምህር አድማሴ ወላጆች ከሜጫ ወደ ዳንግላ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከአዘና ወዲያ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት አማርኛ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ተማሪዎቻቸው ክፍል ውስጥ አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። አፍ የፈቱት በአገውኛ ስለሆነ መምህሩ ሲጠይቋቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሳቸውም ልጆቹን ደካሞች ናቸው ብለው መዝግበው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ እነዚያው ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ዳጉሳ እያረሙ ሲዘፍኑ ሰሙ። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ያልወጣው ልጅ አውራጅ ሆኖ ስንኙን ያወርዳል፤ ሴቶቹ ይቀበሉታል። ማሳው ዳር ቆመው እስኪጨርሱ አዳመጡ። «ከዚያ በኋላ የውጤት መዝገቡን ስከፍት ደካማው ማን እንደሆነ ገባኝ» ብለውኛል። በማግስቱ አዲስ ደብተር አውጥተው የሰሙትን በፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ ትርጉሙን ሳያውቁ፣ ድምፁን ብቻ። ቴፕ ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ነው።

አገውኛን ግን በደንብ አልቻሉትም፤ ይህን ከማንም አይደብቁም። ገበያ ላይ ይግባባሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ዘፈን ውስጥ ሲገባ ግን ቋንቋው ያመልጣቸዋል። ትርጉም የሚሠሩላቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ነበሩ፤ እኚህ ሰው አሁን በሕይወት የሉም።

አሠራራቸውን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። መጀመሪያ ሰሞን ዘፋኞችን ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ቴፑን ይከፍቱ ነበር፤ በድምፃቸው አገር የሚያውቃቸው ሴቶች ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደርሰው ቃሉ ይጠፋባቸዋል። አንዲት ሴት እንዲሁ ተቸግረው ሳለ መሬቱ ላይ ከተጎዘጎዘው ሣር አንድ አንድ እየመዘዙ ማውጣት ጀመሩ፤ ያኔ ሃያ ስንኝ ሳያቋርጥ ወረደላቸው። ከዚያ ወዲህ መምህር አድማሴ ዘፋኝ አስቀምጠው አያውቁም። ቴፑን በጨርቅ ከረጢት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አብረው ያርማሉ፣ አብረው ያጭዳሉ። ለእያንዳንዱ ዘፈን በሚሞሉት ቅጽ ላይም «እጅ ምን ይሠራ ነበር?» የሚል ጥያቄ አለ። እኔ በተማርኋቸው የጥናት ዘዴ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ጥያቄ አላገኘሁትም።

የሠላሳ ዓመት ልፋታቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ዘፈኖች የያዘ አንድ ረቂቅ መጽሐፍ ሆኗል። እኔ በሄድሁበት ዓመት አንድ የኅትመት ኮሚቴ ሊያሳትመው ተቀብሎ የመጨረሻውን ቅጂ እስከ ጥቅምት እንዲያስረክቡ ጠይቋቸው ነበር። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወዱት አንድ የአረም ዘፈን ነው። በ1994 ዓ.ም. ከአዘና አካባቢ፣ እትዬ ሽታዬ ከሚባሉ ሴት የቀረጹት ሲሆን አርባ ሁለት ስንኝ አለው። በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ እትዬ ሽታዬ አንድ አጭር ቃል ያሰማሉ፤ ሴቶቹም ያችኑ ቃል መልሰው ይቀበላሉ። ትርጉም የሚሠሩላቸው ባልደረባ ስለ ቃሏ ሲጠየቁ እንዲሁ ማዳመቂያ ናት ብለው ነበር። ስለዚህ በረቂቁ ግርጌ «በየስንኙ መጨረሻ ትርጉም የለሽ ማዳመቂያ ይሰማል» ተብሎ ተጻፈ፤ ቃሏ ራሷ አልተጻፈችም። መምህር አድማሴ ዘፈኑን ወደ ኮምፒውተር በገለበጡበት ጊዜ ደግሞ ስንኞቹ ጥርት ብለው እንዲሰሙ በማሰብ ማዳመቂያውን ከየቦታው ቆርጠው አወጡት። ካሴቱ ላይም ሌላ ዘፈን ቀረጹበት። ያኔ ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፍቶ ነበር።

እኔ ዝርዝሩን ሳዘጋጅ ይህን ዘፈን ብዙ ጊዜ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ፣ የአርባ ሁለተኛው ስንኝ ካለቀ በኋላ፣ መምህሩ ሳያዩት ያመለጠ አንድ ቦታ አለ፤ ቃሏ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ቀርታለች። ሦስት ሰከንድ አትሞላም። አገውኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። የሰማሁት ማዳመቂያ አልነበረም፤ የማውቀው ቃል ነበር። ከአረምም ከዳጉሳም ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ደግሞም እትዬ ሽታዬ ቃሉን መጨረሻው ላይ የሚያስረዝሙበት መንገድ እናቴ ከሩቅ ስትጠራኝ ስሜን እንደምታስረዝመው ነበር።

ለመናገር አራት ቀን ፈጀብኝ። የእሳቸው ዕድሜ በሥራው፣ የእኔ ሁለት ሴሚስተር በመጻሕፍት፤ ምናልባት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ እያልሁ ቃሉን ደጋግሜ ሰማሁት። በአምስተኛው ቀን መነጽራቸውን ሲወለውሉ አግኝቼ ነገርኋቸው። አንድ ጊዜ አሰሚኝ አሉ። አሰማኋቸው። ሁለተኛ አሉ። ከዚያ መነጽሩን ሳያጠልቁ አስቀመጡት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ማዳመቂያ ነው ስል ያረመኝ ሰው የለም» አሉ።

«ዘፋኟን አልጠየቋቸውም ይሆናል፣ መምህር» አልሁ። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ተጸጸትሁ፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

በመጀመሪያ ማወቅ የነበረብን እትዬ ሽታዬ በሕይወት መኖራቸውን ነበር። ኔትወርክ ለሳምንት ያህል ጠፍቶ ስለነበር የጎረቤታቸውን የወይዘሮ እንቁን ስልክ ያገኘነው በብዙ ሙከራ ነው። ወይዘሮ እንቁ፣ እትዬ ሽታዬ በሕይወት አሉ፣ ነገር ግን ከሰኔ ወዲህ ከቤት የወጡት ለቁርባን ብቻ ነው አሉን። መምህር አድማሴ በማግስቱ ጠዋት ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ሚኒባስ መናኸሪያ ጠበቁኝ። መንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። ከእንጅባራ ወዲያ ቀድሞ ገብስና ዳጉሳ የነበረው መሬት አብዛኛው ለከሰል የሚተከል ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሆኗል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። በየቦታው ዛፉ በበሽታ የደረቀባቸው ገበሬዎች መሬቱን መንጥረው ወደ እህል መልሰውታል። መምህሩ እነዚያን ማሳዎች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

እትዬ ሽታዬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ገና የሚያይ ሴት ናቸው። መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። መምህሩን ትክ ብለው አዩና፣ «አንተ ዳጉሳዬን ነቅለህ ሣሩን የተውህልኝ መምህር አይደለህም?» አሏቸው። ለካ በ1994ቱ አረም መምህር አድማሴ ዳጉሳ የሚመስለውን ሣር ከዳጉሳው መለየት አቅቷቸው አንድ ትልም ሙሉ እህል ነቅለዋል። ወይዘሮ እንቁ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ በቀበሌው እስከ ዛሬ አረም የማይችል ሰው «መምህር» እንደሚባል ነገሩን። መምህር አድማሴ ሁለቱንም አጥብቀው ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚያ ወይዘሮ እንቁ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መምህሩ የመጡበትን ተናገሩ። ቃሉ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እንደቀሩ፣ ቆርጠው እንዳወጡት፣ ካሴቱም እንደሌለ አንድም ሳያስቀሩ ተናዘዙ። ሲጨርሱ እትዬ ሽታዬ ከብት ማሳ እንዳይገባ ውጭ ሆነው እንዲጠብቁላቸው መምህሩን ላኳቸው። በአካባቢው አንድም ከብት አልነበረም። መምህሩ ተነሥተው ወጡ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ እትዬ ሽታዬ በአገውኛ ለእኔ ነገሩኝ። የነገሩኝን በአማርኛ ስጽፍ የሚጎድል ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ይህች ልጅ በሰባኛው ቀኗ ሞተች። ክርስትና ስላልተነሣች አባቷና አንድ ጎረቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀብረዋት ከቀትር በፊት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለቅሶ አልተቀመጡላትም፤ አልቃሽም አልቆመችላትም። ሴቶቹ አታልቅሺ፣ ልጅነትሽ ገና ነው፣ ሌላ ትወልጃለሽ አሏቸው። ወንዶች ወለዱ፤ ሴት ግን አልወለዱም። ልጅቱ ስም አልወጣላትም ነበር። እትዬ ሽታዬ ግን በአራስነታቸው ለብቻቸው የሚጠሯት ስም ነበራት፤ ያንን ስም ባላቸው እንኳ አያውቀውም።

በቀጣዩ ክረምት የዳጉሳ አረም ደቦ ተጠራ። እትዬ ሽታዬ በድምፃቸው የታወቁ ስለነበሩ አውራጅ ሆኑ። ሁለት ሦስት ስንኝ ካወረዱ በኋላ ሳያስቡት ያ ስም ከአፋቸው ወጣ። ሴቶቹ አዲስ ዜማ የመጣ መስሏቸው ተቀበሏቸው።

«አርባ ሴት ጠራልኝ» አሉ እትዬ ሽታዬ። «አንድም ሰው ያላለቀሰላትን ልጅ አርባ ሴት በአንድ አፍ ጠራልኝ።»

ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ እንዲሁ ሆነ። ከሌላ ቀበሌ የሚያገቡ ሴቶች ዘፈኑን ከነመቀበያው ይዘውት ሄዱ። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ኋላ ማሳው ዛፍ ሆነ። «ዛፍ አይታረምም» አሉ።

እኔም፣ መምህሩ በመጽሐፉ ግርጌ የስሙን ታሪክ ጽፈው ስህተቱን ማረም እንደሚችሉ ነገርኋቸው። ለእኔ ከዚህ የሚሻል ነገር አልታየኝም ነበር። እጃቸውን አወዛወዙ።

«ከጻፋችሁት ያለቅሱላታል። ያኔ ያላለቀሱትን አሁን እንዲያለቅሱ አልፈልግም። እንዲጠሯት ነው የምፈልገው። ለእሱ ንገሪው፤ የቆረጣት እሱ ነው። መጽሐፉ ላይ ግን ስም ነው የሚል ነገር እንዳይጻፍ።»

እንዲህ ያለች ልጅ እንደነበረች ለሰው ማውራት እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የቱ ዘፈን እንደሆነና ቃሉ የቱ እንደሆነ እስካልተናገርሽ ድረስ አሉኝ። በመጽሐፉ ውስጥ የአረም ዘፈኖች ሠላሳ ያህል ናቸው፤ በብዙዎቹም ሴቶች የሚቀበሉት ቃል አለ። ስለዚህ እዚህ ስሙንም ትርጉሙንም አልጽፍም፤ ዘፈኑን የሚያስለዩትን ዓመት፣ የስንኝ ቁጥርና የግርጌ ማስታወሻም እንዳሉ አላስቀመጥሁም።

መምህር አድማሴን የሌለ ከብት እየጠበቁ ማሳው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ነገርኋቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ስንት ቦታ ላይ እንደቆረጡት። አርባ አንድ ቦታ አልኋቸው። ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ፤ እኔም ወደ ቤት ተመለስሁ።

ዘፈኑን ከነቃሏ እንደገና ለመቅረጽ በማግስቱ ጠዋት በወይዘሮ እንቁ ልጅ ማሳ ላይ ተሰበሰብን። ዲከረንሱ ደርቆበት ዳጉሳ የዘራ እሱ ነበር። እትዬ ሽታዬን በቃሬዛ ልናመጣቸው ስንል ገና አልሞትሁም ብለው በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ማሳው ዳር መሬት ላይ ቁጭ ብለው እጃቸው በሚደርስበት ያለውን አረም መንቀል ጀመሩ። ከድሮዎቹ ተቀባዮች በሕይወት ያሉት ወይዘሮ እንቁን ጨምሮ ሦስት ነበሩ፤ እኔ አራተኛ ሆንሁ። መምህር አድማሴ መቅረጫውን ከፍተው ቀኑን ተናገሩና አጎንብሰው ማረም ጀመሩ።

የእትዬ ሽታዬ ድምፅ መጀመሪያ ከጉሮሮ አልወጣም። እጃቸው ሥራውን ሲለምድ ስንኙም መጣ። የመጀመሪያውን አውርደው ቃሏን ሲያሰሙ እኛ አራታችን ተቀበልን። ለማሳው ስፋት በጣም ትንሽ ድምፅ ነበር። አሥረኛው ስንኝ አካባቢ ወይዘሮ እንቁ ቀና ብለው፣ «እትዬ ሽታዬ፣ ከሙሽርነቴ ጀምሮ የምቀበላት ይህች ቃል ለመሆኑ ምን ልትሆን ነው የመጣችው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዝም ብለሽ ተቀበይ» አሉ እትዬ ሽታዬ።

ወይዘሮ እንቁ ስቀው ተቀበሉ። ጥቂት ቆይተው የመምህሩን እጅ ያዙ፤ መምህሩ እንደገና ዳጉሳ ነቅለው ነበር። ሃያኛው ላይ ከሦስቱ አሮጊቶች አንዷ ደክሟቸው አረፉ፤ መቀበያው ሳሳ። ያኔ ከኋላዬ የመምህር አድማሴን ድምፅ ሰማሁ። በመቶ በሚቆጠሩ ካሴቶች ላይ ድምፃቸው ቀንና ቦታ ከመናገር አልፎ አያውቅም። ዜማውን ስተውታል፤ ቃሏንም በትክክል አላሏትም። ግን እስከ አርባ ሁለተኛው ድረስ አላቋረጡም።

ጥቅምት ላይ ረቂቁን ይዘን እንጅባራ ሄድን። በኮሚቴው በኩል ጽሑፉን ያነበበው አቶ ደርበው የሚባል፣ ጠንቃቃና ጨዋ ሰው ነው። የተማረው የቋንቋ ትምህርት ነው፤ እሱ ያነሣው ጥያቄም እኔ ራሴ ባነብ የማነሣው ነበር። በዚህ ዘፈን ላይ፣ አለ፣ አንዲት ቃል አርባ ሁለት ጊዜ ገብታለች፤ ትርጉምም ማብራሪያም የላትም። ቀድሞ በቀረበው ረቂቅ ላይ ማዳመቂያ ተብላ ታልፋ ነበር፤ አሁን ምን ተገኝቶ ነው የገባችው? ወይ ትርጉሟ ይጻፍ፣ ወይ እንደ ቀድሞው ትውጣ።

መምህር አድማሴ እንደሚዘፈነው ጽፌዋለሁ አሉ።

አቶ ደርበው ይህ ለአንባቢ እንደማይበቃ በትሕትና አስረዳ። ሰብሳቢው ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይተው የአንዲትን ቃል ትርጉም አላጣሩም ቢባል ለመጽሐፉም ለስማቸውም ጥሩ አይደለም። እኔ ጠረጴዛው ሥር እጆቼን ጨብጬ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ሁሉም ይስተካከላል፤ እንዲያውም ምስጋና ያገኙበታል። መምህሩ ወደ እኔ አላዩም።

«እንደዚያው ተብሎ ይጻፍ» አሉ። «ሰብሳቢው ትርጉሙን አላወቁትም በሉ። ቃሏ ግን ከአንድም ቦታ አትውጣ።»

አቶ ደርበው ይህን የሚሉት ከልባቸው መሆኑን ደግሞ ጠየቃቸው። ከዚያ የግርጌ ማስታወሻውን በራሱ እጅ ጻፈ፤ «የመቀበያው ቃል ትርጉም በሰብሳቢው አልታወቀም።» መምህር አድማሴ አንብበው ከሥሩ ፈረሙ። ስንወጣ አቶ ደርበው በሩ ድረስ ሸኘንና፣ አገውኛ እያወቅሁ በቃሉ ትርጉም ለምን እንዳልረዳኋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ። እሱ ራሱ አገውኛ አይሰማም። ዘፈን ውስጥ ሲገባ እኔም ይቸግረኛል አልሁት። ይህ የመጀመሪያው የሙያ ውሸቴ ነው፤ ስህተት መሆኑንና አለመሆኑን እስከ አሁን አልወሰንሁም።

ወደ ዳንግላ ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ መቀመጫ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ጥቂት እንደሄድን መምህር አድማሴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ቃሏን እንዳርማቸው ጠየቁኝ። ማሳው ላይ ሲሉ የተሳሳቱ እንደመሰላቸው ነገሩኝ። አዎ፣ መርዘም ያለበት መጨረሻው ነው አልኋቸው። ሞከሩ። እንደገና አልኋቸው። ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ ትክክል ሆነ፤ እሳቸውም ትክክል መሆኑ ስለታወቃቸው ነው መሰለኝ ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

በሩ ላይ የቆመው የሚኒባሱ ረዳት አገውኛ የሚናገር ወጣት ነበር። ቃሏን ሲሰማ ዞር ብሎ በጎማው አቧራ ውስጥ ወደ ኋላ አየና የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«አባት፣ የቀረባችሁ ልጅ አለ እንዴ?» አለ።

መምህር አድማሴ መለሱለት።

«የለም ልጄ። የቀረ ሰው የለም፤ ይንዳው።»